የአንድ ሰው ሕመም እንዴት የብዙዎች ዜማ ይሆናል?

በገበያ ቀን ከሻይ ቤት የሚሰማ አንድ ዘፈን እህል ሊሸጥ የወጣውን አርሶ አደርም፣ ሱቁን የከፈተውን ነጋዴም እኩል ሲያስተክዝ ይታያል። የዘፈኑ ደራሲ ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ አገራቸውን ረግጦ የማያውቅም ሊሆን ይችላል። አድማጩ ግን «ይህስ ስለ እኔ የተዘፈነ ነው» ይላል። የግል ችግር እንዴት የብዙኃን ስሜት ወደመሆን ይሻገራል? ጉዳዩ የከተማ ስቱዲዮዎች ብቻ ምስጢር አይደለም። ሥሩ ገጠር ውስጥ ነው፤ አሠራሩም ሊብራራ የሚችል ነው።

ከወፍጮው ድንጋይ የተነሣ ጥበብ

ባለሞተር ወፍጮ በየቀበሌው ከመግባቱ በፊት እናቶች ሌሊት ተነሥተው በድንጋይ ወፍጮ እህል ይፈጩ ነበር። ሥራው ረጅምና አድካሚ ነው። ድካሙን የሚያቀልለው እንጉርጉሮ ነበር። ወፍጮ ላይ የተቀመጠች ሴት ለባሏ ወይም ለአማቷ ፊት ለፊት የማትናገረውን በዜማ ትናገረዋለች፤ ያለ ዕድሜዋ መዳሯን፣ ከእናቷ መራቋን፣ የቤቱን ጫና በግጥም ታወጣዋለች። በግድግዳው ማዶ ያለው ይሰማል፤ ነገር ግን ዘፈን ነውና ጠብ አይሆንም። ጎረቤቷም ያንኑ ግጥም ትይዝና በራሷ ወፍጮ ላይ ትደግመዋለች። በዚህ ጊዜ ብሶቱ የአንዲት ሴት መሆኑ ይቀራል።

በሐዘን ቤት የሚወርደው ሙሾም እንዲሁ ነው። አልቃሿ የሟቹን ስምና ሥራ ታነሣለች፤ በዙሪያዋ ያሉት ግን እያንዳንዳቸው የሚያለቅሱት ለየራሳቸው ሟች ጭምር ነው። «የራስን እያሰቡ ማልቀስ» የሚባለው ይኸው ነው። የዘመኑ ዘፈን ደራሲ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። አንድን ሰው ሲያስለቅስ ሌላው የራሱን እንዲያስብ ቦታ ይተውለታል።

የአርሶ አደሯ ልጅና የቁርጥራጭ ጨርቅ ኮት

ይህን አሠራር በግልጽ ከሚያሳዩ የዓለማችን ታሪኮች አንዱ ከአሜሪካ ገጠር የተገኘ ነው። ዶሊ ፓርተን እ.አ.አ በ1946 በቴነሲ ግዛት ተራራማ አካባቢ ተወለደች። ለወላጆቿ ከ12 ልጆች አራተኛዋ ነበረች። አባቷ በመጀመሪያ የሰው መሬት በእኩል ያርሱ ነበር፤ በኋላም አነስተኛ የትምባሆ እርሻ ያዙ። ለአዋለዳት ሐኪም የተከፈለው ገንዘብ ሳይሆን አንድ ከረጢት የበቆሎ ዱቄት እንደነበር ራሷ ደጋግማ ተናግራለች።

በልጅነቷ እናቷ ከተሰጣቸው ቁርጥራጭ ጨርቅ ኮት ሰፉላት። እየሰፉም በመጽሐፍ ቅዱስ የሚገኘውን የዮሴፍን፣ በብዙ ኅብር ያጌጠውን ልብስ ታሪክ ነገሯት። ልጅቷ ኮቱን ለብሳ በኩራት ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆቹ ሳቁባት። ይህን ቀን ይዛ ኖረች። እ.አ.አ በ1969 ለሙዚቃ ዝግጅት በአውቶቡስ ስትጓዝ ግጥሙ መጣላት፤ ወረቀት ስላልነበራት በልብስ ንጽሕና ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፈችው። ዘፈኑ በ1971 ወጣ። ከ40 ዓመት በኋላ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ እንዲጠበቁ ከመረጣቸው ቅጂዎች ጋር መዘገበው።

ስለ ድህነት በጠቅላላው የሚናገር ዘፈን ብዙ ነው። ይህኛው ግን የሚናገረው ስለ አንድ ኮት ነው። ጨርቁ፣ መርፌው፣ የእናት እጅ፣ የክፍል ጓደኞች ሳቅ ሁሉም በዓይን ይታያሉ። አድማጩ ያንን ኮት ለብሶ አያውቅም፤ ነገር ግን የተጣፈ ሱሪውን፣ በረባሶ ጫማውን፣ ወይም ከወንድሙ የወረሰውን ደብተር ያስታውሳል። ዝርዝሩ እየጠበበ በሄደ መጠን የሚገቡበት ሰዎች ይበዛሉ ማለት ነው። «ድሃ ነበርኩ» የሚል ቃል አድማጭን መረጃ ይሰጠዋል፤ የተሰፋ ኮት ግን የራሱን ትዝታ ይቀሰቅስበታል።

ሌላም ነገር አለ። ዘፈኑ ርኅራኄ አይለምንም። ልጅቷ የምትናገረው ስለ እናቷ ፍቅር ነው፤ በኮቱ የሳቁባት ልጆች ያላዩትን ሀብት ታሳያለች። አድማጭ የሚያለቅስለትን ሰው ሳይሆን አንገቱን ቀና የሚያደርግለትን ሰው ይከተላል።

ትኩስ ፍግና የበሰለ ኮምፖስት

ዶሊ ፓርተን በልጅነቷ የደረሰባትን ነገር የጻፈችው በ23 ዓመቷ ነው። ይህ የጊዜ ርቀት የአጋጣሚ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማንኛውም አርሶ አደር እንደሚያውቀው ከበረት የወጣ ትኩስ ፍግ በቀጥታ ቡቃያ ሥር ቢደረግ አሞኒያው ሥሩን ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ያው ፍግ ከገለባና ከቅጠል ጋር ተደርቦ፣ እርጥበት እየተሰጠውና እየተገላበጠ ሦስትና አራት ወር ሲቆይ ግን መሬቱን የሚመግብ ኮምፖስት ይሆናል። የመከራና የዘፈን ግንኙነትም ይህን ይመስላል። ትኩስ ሕመም ብዙ ጊዜ ስድብ፣ ክስ ወይም ዝምታ ነው። ሲበስል ግን ደራሲው ራሱን ከሩቅ ሆኖ ለማየት፣ የሚጠቅመውን ለመያዝና የሚያቃጥለውን ለመተው ይችላል።

መጻፍ ራሱ ለጸሐፊው እፎይታ እንደሚሰጥ ጥናቶች ያመለክታሉ። ጄምስ ፔንቤከር የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረባቸው ጋር እ.አ.አ በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች ለአራት ቀናት በየቀኑ 15 ደቂቃ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው እንዲጽፉ አድርገው ነበር። ገጠመኙን ከነስሜታቸው የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይሁንና ለራስ የተጻፈ ሁሉ ዘፈን አይሆንም። የመጀመሪያው ለጸሐፊው ማስተንፈሻ ነው፤ ሁለተኛው ለሰሚው የሚሠራ ቤት ነው። ቤት ደግሞ በርና መስኮት ይፈልጋል።

ስም የመተው ብልኀት

ዝርዝር መያዝ አንዱ መንገድ ከሆነ፣ ዝርዝርን መተው ሌላው ነው። ያችው ዶሊ ፓርተን እ.አ.አ ከ1967 ጀምሮ በፖርተር ዋጎነር የቴሌቪዥን ዝግጅት ትሠራ ነበር። በራሷ መቆም በፈለገች ጊዜ ሰውየው እንድትለይ አልወደደም። ክርክሩ አልቋጭ ሲላት የስንብት ዘፈን ጻፈች፤ በ1974ም ለሕዝብ ደረሰ። በዘፈኑ ውስጥ ስለ ቴሌቪዥን፣ ስለ ውል ወይም ስለ ሥራ አንድም ቃል የለም። የሚሰማው ምስጋናና ስንብት ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት እ.አ.አ በ1992 ዊትኒ ሂውስተን ስትዘፍነው ዓለም ሁሉ የፍቅረኞች መለያያ አድርጎ ተቀበለው። በአሜሪካ የዘፈኖች ሰንጠረዥ ለ14 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆየ። በሠርግም በቀብርም ይሰማል። ሁለት የሥራ ባልደረቦች ስላደረጉት መለያየት የተጻፈ መሆኑን የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ደራሲዋ የራሷን ጉዳይ ስትሰውር ለሌሎች ቦታ ለቀቀች።

ይህ ብልኀት ለእኛ ባዳ አይደለም። ቅኔያችን በሰምና ወርቅ ሲሠራ ኖሯል። ላይ ላዩን ስለ በሬ ወይም ስለ ወንዝ የሚናገር ግጥም በውስጡ ስለ ሰው ይናገራል። ሰሙን ሁሉም ይሰማል፤ ወርቁን እያንዳንዱ ከራሱ ሕይወት ቆፍሮ ያወጣል።

ትዝታና የስደት ዜማ

ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ የመጀመሪያው ስሙ ራሱ የሚናገር ነው። ትዝታ ቅኝት ብቻ ሳይሆን በትውልዶች መካከል የሚተላለፍ የዘፈን ዓይነትም ነው። ድምጻውያን በየዘመኑ ተቀብለውት በየራሳቸው ግጥም ዘፍነውታል። ዜማው እንደ ወል መሬት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዘር ይዘራበታል።

የሚገርመው ይህን ስሜት የሌላው ዓለም ጥናትም ማግኘቱ ነው። በበርሊን የሚገኙ ሁለት ተመራማሪዎች እ.አ.አ በ2014 ባሳተሙት ጥናት 772 ሰዎች አሳዛኝ ሙዚቃ ሲሰሙ ምን እንደሚሰማቸው ጠይቀው ነበር። በብዛት የተጠቀሰው ስሜት ሐዘን አልነበረም፤ ያለፈውን መናፈቅ፣ በእኛ ቋንቋ ትዝታ ነበር። ሰው አሳዛኝ ዘፈን የሚከፍተው ለማዘን ብቻ አይደለም፤ ያጣውን ለጥቂት ደቂቃ መልሶ ለማግኘትም ነው።

በጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ እ.አ.አ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዳ ሙያዋን በዚያ አሰፋች፤ በ1999 ያወጣችውን አልበም «ሀገሬ» አለችው። በቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው (ጂጂ) በ2001 በስሟ ባወጣችው አልበም ውስጥ «ናፈቀኝ» እና «ዓባይ» የተሰኙ ዘፈኖች ይገኛሉ። ሁለቱም ከአገር ርቀው የዘፈኑ ናቸው። ልጁን ወደ ዓረብ አገር የሸኘ ወላጅም፣ እዚያ በሰው ቤት የምትሠራው ልጅም በእነዚህ ዜማዎች ይገናኛሉ። የድምጻዊቷ ስደትና የሠራተኛዋ ስደት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ናፍቆቱ ግን አንድ ነው።

የሌላውን ሕመም እንደ ራስ የሚሸከምም አለ። ጥላሁን ገሠሠ በ1960ዎቹ የወሎ ረኀብ ለተጎዱ ወገኖች የዘፈነው «ዋይ ዋይ ሲሉ» ዛሬም ያንን ዘመን ላላየ ትውልድ ረኀቡን ያስታውሳል።

ከአንድ እጅ በላይ

በእኛ አገር ዘመናዊ ሙዚቃ ግጥም የሚጽፈው፣ ዜማ የሚደርሰው፣ የሚያቀናብረውና የሚዘፍነው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ የግል ታሪክ አድማጭ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በብዙ እጅ ያልፋል። ዜማ ደራሲው ግጥሙ ውስጥ የራሱን ያገኝበታል፤ ድምጻዊው በሲቃው የራሱን ይጨምርበታል። ለእነዚህ ሰዎች ያልተሻገረ ስሜት ለአድማጭም አይሻገርም። አዝማች የሚደጋገመውም በከንቱ አይደለም፤ አድማጭ ከሁለተኛው ዙር በኋላ አብሮ እንዲል፣ ሕመሙም ከዘፋኙ አፍ ወደ ራሱ አፍ እንዲዛወር ነው።

ለሚጽፉ ወጣቶች

በየወረዳው በስልካቸው ዜማ እየቀረጹ፣ በደብተራቸው ግጥም እየጻፉ ያሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ከላይ ከተጠቀሱት የሚወሰዱ ትምህርቶች አሉ።

የመጀመሪያው፣ የራስን መንደር አለመናቅ ነው። የከተማ ዘፈን ቃላትን ከመቅዳት ይልቅ የእናትን መሶብ፣ የተሸጠችውን ጊደር፣ በረዶ የመታውን ማሳ በስሙ መጥራት ለአድማጭ ቅርብ ይሆናል።

ሁለተኛው፣ የሌላውን ሰው ክብር መጠበቅ ነው። ታሪኩ የራስ ቢሆንም በውስጡ ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ጎረቤት አለበት። ትንሽ መንደር ውስጥ ስም ባይጠራም ሰው ይታወቃል።

ሦስተኛው፣ መከራን የጥበብ ዋጋ አድርጎ አለመፈለግ ነው። ጥሩ ለመጻፍ መጎዳት ግዴታ አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ሐዘን ሲያጋጥም ለቤተሰብ መንገርና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ከዘፈን ይቀድማል።

አራተኛው፣ መብትን ማወቅ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የዘፈን ግጥምንና ዜማን ይጠብቃል። የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል። ሕጉ የሚጠብቀው ግን በሐሳብ ያለውን ሳይሆን በጽሑፍ ወይም በቅጂ የሰፈረውን ወጥ ሥራ ነው። ስለዚህ ግጥሙን ጽፎ ቀን ማስፈር፣ ዜማውን መቅረጽ፣ ለድምጻዊ ሲሰጥም ስምምነቱን በጽሑፍ ማድረግ ይገባል። በቃል ብቻ የተሰጠ ግጥም ነገ በሌላ ሰው ስም ቢሰማ ማስረጃ ማቅረብ ይከብዳል።

በወፍጮ ላይ ያንጎራጎሩት እናቶች ግጥም አብዛኛው ሳይጻፍ ቀርቷል፤ የደራሲዎቹም ስም አይታወቅም። ግጥሞቹን አሁንም በቃላቸው የያዙ አረጋውያን በየቤቱ አሉ። አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ አያቱ ዘንድ ቢቀመጥና «እማማ፣ ስትፈጩ ምን ትሉ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ የሚሰማው የአንዲት ሴት ታሪክ ብቻ አይሆንም።