የ600 ሚሊዮን ዓመታት ስሌት ወደ ወራት ሲወርድ

ኳንተም ኮምፒውተር ከመደበኛው ኮምፒውተር በእርግጥ ይልቃልን? ፍርዱ የሚገኘው ከኳንተም ማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከተፎካካሪውም ጭምር እንደሆነ በለንደን የኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲና የሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ ተመራማሪዎች በጋራ ያካሄዱት ጥናት አሳይቷል።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ቻይናውያን ሳይንቲስቶች በብርሃን የሚሠራውን «ጂውጃንግ» የተሰኘ ኳንተም ማሽን ይፋ አደረጉ። ማሽኑ ብርሃንን በ100 መስመሮች ውስጥ አሳልፎ፣ ፎቶን የተባሉት የብርሃን ቅንጣቶች በየትኞቹ መስመሮች እንደወጡ ይመዘግባል። በ200 ሰከንድ ያጠናቀቀውን ሥራ የጃፓኑ ሱፐርኮምፒውተር ፉጋኩ ለመፈጸም 600 ሚሊዮን ዓመታት እንደሚያስፈልገው ተገምቶ ነበር።

የኳንተምን ሥርዓት በመደበኛ ኮምፒውተር ማስመሰል አዳጋች የሚሆነው ስሌቱ በእጥፍ እየተባዛ ስለሚሄድ ነው። በኩቢት የሚሠሩትን ማሽኖች ለአብነት ብንወስድ፣ የ30 ኩቢቶችን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ ለመመዝገብ 16 ጊጋባይት ያህል ማኅደረ ትውስታ ይበቃል፤ ለ50 ኩቢቶች ግን ከ16 ሚሊዮን ጊጋባይት በላይ ያስፈልጋል። የፎቶኖች ቁጥር ሲጨምርም ስሌቱ እንዲሁ በፍጥነት ይከብዳል።

የብሪታንያው ቡድን መፍትሔ የፈለገው ግን ማኅደረ ትውስታን በማብዛት ሳይሆን የስሌቱን መንገድ በማሳጠር ነው። አዲሶቹን ስልተ ቀመሮች 100 ሺህ ገደማ የማስሊያ ኮሮች ባሉት ሱፐርኮምፒውተር ፈትኖ፣ እስከ 92 ፎቶኖች የሚደርሱ ሙከራዎችን አስመስሏል። እ.ኤ.አ. በ2022 «ሳይንስ አድቫንስስ» በተሰኘው መጽሔት በታተመው ውጤት መሠረት፣ 600 ሚሊዮን ዓመታት የተባለው ጊዜ ወደ ጥቂት ወራት ወርዷል።

ይህ ኳንተም ማሽኑ ተሸነፈ ማለት አይደለም፤ ወራት ከደቂቃዎች እጅግ ይረዝማሉ። ሆኖም የልዩነቱ አብዛኛው ክፍል የመነጨው ከማሽኑ ብቃት ሳይሆን ከቀድሞው ስሌት ድክመት እንደነበር ታውቋል። ተፎካካሪው በሙሉ አቅሙ ባልሮጠበት ውድድር ድልን ማወጅ ያስቸግራል።

ጥናቱ ሌላም ማስጠንቀቂያ ይዟል። ተመራማሪዎቹ በመደበኛ ኮምፒውተር በቀላሉ የሚመነጭ፣ ግን የእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ትክክለኛነት ከሚረጋገጥባቸው ፈተናዎች በርካታዎቹን የሚያልፍ ውጤት አዘጋጅተዋል። በመሆኑም ፈተናዎቹን ማለፍ ብቻውን የኳንተም ልዕልና ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ኳንተም ኮምፒውተሮች ወደፊት ለመድኃኒትና ለአዳዲስ ቁሶች ምርምር ይውላሉ ተብሎ ተስፋ ተጥሎባቸዋል። ተስፋው በእምነት ሳይሆን በማስረጃ እንዲጸና፣ ነባሮቹ ሱፐርኮምፒውተሮች ዛሬም ተቀናቃኝ ብቻ ሳይሆኑ መስፈሪያም ናቸው።