«ተመችቷታል» ያልናት ልጅ

በ2011 ዓ.ም. ጥር ለዘመድ ሠርግ ቡሬ አጠገብ ወዳለችው የትውልድ መንደሬ ሄጄ ነበር። ፍኖተ ሰላም የምትማረው የእህቴ ልጅም መጥታለች። ያኔ 16 ዓመቷ ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ። ወፍራ ሳያት «እሰይ! ከተማው ተስማምቶሻል» አልኳት። እናቴም «ተመችቷታል የኔ ልጅ» ብላ ጉንጯን ሳመቻት። ልጅቱ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ያፈረች መሰለኝ።

በማግስቱ ወደ ሠርጉ ቤት ስንሄድ አቀበቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ሜዳ ጥጃ እያባረረች የምትሮጥ ልጅ ነበረች። «ምነው?» ስላት አለቀሰች። ክፍል ውስጥ «ዱባ» እያሉ ይጠሯታል፤ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትደበቃለች፤ እከሳለሁ ብላም ቁርስ መብላት ትታለች። እኛ የምናሞግስላት ነገር እሷን ያስለቅሳት ነበር።

እንዴት እዚህ ደረሰች? መንደር ሳለች ትምህርት ቤት ለመድረስ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትጓዛለች። ስትመለስ ውኃ መቅዳት አለ፣ እንጨት መልቀም አለ፣ ከብት መመለስ አለ። ፍኖተ ሰላም የተከራየንላት ክፍል ግን ከትምህርት ቤቱ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። እንደ ማንኛውም የገጠር ተማሪ በየገበያው ቀን ስንቅ ይላክላታል። እንጀራው ከቀናት በኋላ ይሻግታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ፓስታ፣ ብስኩት፣ ቦንቦሊኖና ለስላሳ ነው። ማታ ደግሞ ስልክ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን በደንብ እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። የመንደር ልጅ ይህን ሳታስበው ታደርገዋለች። በሌላ በኩል አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 30 ግራም ያህል ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ የገጠራችን ትልቁ ችግር ዛሬም ክሳት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከልክ በላይ ቀጭን፣ 8 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከልክ በላይ ወፍራም መሆናቸውን አሳይቷል። ውፍረቱ በብዛት የሚታየው በከተማ ነው። የገጠር ልጅ ስትወፍር ማንም የማይደነግጠው ለዚህ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ለትምህርት ከተማ ሲገቡ አበላላቸውም እንቅስቃሴያቸውም በአንድ መስከረም ይለወጣል። መወፈር ደግሞ በደንብ መመገብ ማለት አይደለም፤ ዱቄትና ስኳር የበዛለት ሰውነት ብረትና ፕሮቲን ሊያንሰው ይችላል።

ከሠርጉ በኋላ እህቴ ልጇን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። የልጆች ክብደት እንደ አዋቂ እንደማይለካ፣ ቁመቷ፣ ዕድሜዋና ፆታዋ አብረው እንደሚታዩ ተነገራት። ገና እያደገች ስለሆነ መራብ እንደሌለባትም አስጠነቀቋት። ለውጡ የመጣው ከትንንሽ ነገሮች ነው። እህቴ ከእንጀራው ጋር የማይሻግት ስንቅ መላክ ጀመረች፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ። ልጅቱ ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ክፍል ተጋርታ ምስርና ጎመን በተራ ይሠራሉ። ለስላሳ ለበዓል ብቻ ሆነ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ግማሽ ሰዓት አብረው በእግር ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላም ይደግሙታል። እኛም ስለ ሰውነቷ ማውራት ተውን። እናቴ አሁን ስታገኛት የምትጠይቃት «ምን በላሽ? ማን ጋር ዋልሽ?» ብላ ነው።

እናንተም ልጃችሁን ወይም የልጅ ልጃችሁን ከተማ አስቀምጣችሁ ከሆነ፣ ስንቁን ስትልኩ ይህን ጠይቁ። «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» የሚለው ይቆይ።

በዓመቱ ጥር እንደገና ተገናኘን። እንደ ድሮዋ ቀጭን አልሆነችም፤ መሆንም የለባትም። ያንኑ አቀበት አብረን ወጣን። በዚህ ጊዜ መንገድ ላይ ቆሜ የተነፈስኩት እኔ ነኝ።