ውሻውና የድንበሩ ድንጋይ

ሜዳ የተጣለ ውሻ አንስቶ በማሳ ድንበር ላይ ያሰረ ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር ቢጣላ ሸሪዓው ምን ይላል?

ማንሳቱ መልካም ነው። የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ማኖሩ ግን ለከብት፣ ለእርሻ ወይም ለአደን ካልሆነ ከምንዳ በየቀኑ ያስቀንሳል። ገበሬ መቼም ይህ ምክንያት አይጠፋውም። በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር ስለሚታጠብ ማደሪያው ከቤት ውጭ ይሁን፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አይረሳ።

ከባዱ ድንበሩ ነው። ሰዒድ ኢብኑ ዘይድን (ረ.ዐ) አርዋ የተባለች ሴት «መሬቴን ወሰደ» ብላ መርዋን ዘንድ ከሰሰቻቸው። እርሳቸውም ስንዝር መሬት በግፍ የወሰደ ሰው ሰባት ምድር በአንገቱ እንደሚጠለቅበት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ተናግረው መሬቱን ተዉላት። ያልበደሉት ሰሓባ ናቸው እንዲህ የፈሩት!

ለእርሻ ጥበቃ የተፈቀደ ውሻ ያከራከረ መሬት መያዣ አይሆንም። ቢነክስስ? በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 መሠረት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ስለዚህ ውሻው ዛሬውኑ ወደ በረቱ ይመለስ፤ ሁለቱም የይዞታ ደብተራቸውን ይዘው፣ ድንጋዩ ሲተከል ያዩ ሽማግሌዎች ባሉበት ድንበሩ ይለካ።