ኮምፒውተሩ ስለ ራሱ ሲናገር ቃሉ የማን ነው?

በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ውስጡ ምን እንደያዘ ለማወቅ መንገዱ ብዙ ነው። ጂኖም በሴቲንግ ውስጥ ይህን የሚያሳይ ገጽ አለው፤ ኬዲኢም የራሱ የመረጃ ማዕከል አለው። ተርሚናል ለለመደ ሰው ደግሞ ኤልኤስሲፒዩ፣ ኤልኤስፒሲአይ፣ ኢንክሲና ሌሎችም ትዕዛዞች አሉ። ብዙ ተጠቃሚ የሁሉንም መልስ እኩል ያምናል። እኔ ግን በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ይህን ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል እላለሁ፤ መልሶቹ ከተለያየ ቦታ ስለሚመነጩ ተአማኒነታቸውም ይለያያል።

ከሁሉም የሚቀርበው ምንጭ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነሉ ነው። «ፕሮክ» እና «ሲስ» የሚባሉት ፎልደሮች ዲስክ ላይ የተቀመጡ አይደሉም፤ አንድ ፕሮግራም ሊያነባቸው ሲመጣ ከርነሉ ይዘታቸውን እዚያው አዘጋጅቶ ይሰጣል። «ሲስ» የመጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው የከርነል 2.6 ጋር ነው። ምን ያህል ራም ነፃ እንደሆነ ሲጠየቅ ከዚህ የሚገኘው መልስ የዚያው ቅጽበት ነው። ዲኤምአይዲኮድ የተባለው ትዕዛዝ የሚያነበው ግን ሌላ ነው፤ አምራቹ ባዮስ ውስጥ ጽፎ የተወውን ሰንጠረዥ። አምራቹ ከተሳሳተ ወይም ችላ ካለ ስህተቱ እንዳለ ይወጣል። የመለያ ቁጥር ሊጻፍበት በሚገባው ቦታ «በአምራቹ የሚሞላ» የሚል ጽሑፍ ሳይቀየር የተሸጡ ማዘርቦርዶች አሉ፤ የፕሮግራሙ መመሪያ ራሱም መረጃው ሁልጊዜ እንደማያስተማምን ያስጠነቅቃል። ኤልኤስፒሲአይ ደግሞ ከሁለት ቦታ ይቀዳል። ካርዱ የሚሰጠው ቁጥር እንጂ ስም አይደለም፤ 8086 ማለት ኢንቴል መሆኑን የሚነግረን በጎ ፈቃደኞች የሚያሰባስቡት ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ካረጀ አዲስ ካርድ ያለ ስም ይታያል፤ ይህን አይቶ ዕቃው ተበላሽቷል ማለት ስህተት ነው።

«ይህ ሁሉ ለተራ ተጠቃሚ ምን ያደርግለታል?» የሚል ይኖራል። ኮምፒውተሩ ሰላም ለሆነለት ሰው የሴቲንጉ ገጽ በእርግጥ ይበቃዋል። ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ግን አይበቃም፤ ገጹ ፕሮሰሰሩንና ራሙን ቢነግረውም ባትሪውና ዲስኩ ምን ያህል እንደደከሙ አይነግረውም። ዩፓወር የተባለው ፕሮግራም የባትሪውን የመጀመሪያ አቅምና አሁን የሚይዘውን አብሮ ያወጣል፤ ለ50 ዋት-ሰዓት የተሠራ ባትሪ ዛሬ 31 ብቻ ከያዘ የቀረው አቅም 62 በመቶ ነው። ስማርትሲቲኤል ደግሞ ዲስኩ በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህንም ቁጥሮች የሚናገሩት የባትሪውና የዲስኩ የራሳቸው ቺፖች ናቸው፤ ሊነካኩም ይችላሉ። እውነት ነው። አቅሙ ተጋንኖ የተሸጠ ፍላሽም ስንት ጊጋባይት እንደሆነ ሲጠየቅ የተጻፈለትን ቁጥር ይመልሳል። ኤፍ3 የተባለው ፕሮግራም ፍላሹን እስኪሞላ ጽፎበት መልሶ የሚያነበውም ለዚሁ ነው። ቁጥር ሲያጠራጥር በሥራ ይፈተናል፤ ሊያሳስት ይችላል ተብሎ ግን ጨርሶ ሳይታይ አይታለፍም። ደግሞም የእነዚህ ፕሮግራሞች ኮድ ክፍት ስለሆነ አንድ መስመር ከየት እንደመጣ መከታተል ለሚችል ሁሉ በሩ ክፍት ነው።

ላፕቶፕ ሊገዙ ሲሄዱ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ይያዙ። ዲስኩ ላይ ሳይጫን ከፍላሹ ይነሳል፤ ስማርትሲቲኤል ከሌለው ኢንተርኔት አገናኝተው ይጨምሩበታል። የባትሪውንና የዲስኩን ቁጥር ሻጩ ባለበት ይመልከቱ፤ ማሽኑን ለማስነሳት የማይፈቅድ ሻጭ ከገጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ወደ ሌላ ይሂዱ።