ኮሶን በስሙ እንጂ በመልኩ አናውቀውም



ዘወትር በማነበው በዚህ ዓምድ ላይ ስለ አንድ ዛፍ ጥቂት ቃል አሰፍር ዘንድ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ፡፡

«እንደ ኮሶ መረረኝ» ሲባል ያልሰማ ሰው በአገራችን አይገኝም፡፡ ነገር ግን ዛፉ የትኛው ነው ቢባል በጣቱ የሚያመለክት ስንቱ ነው? በምኖርባት የሸዋ ደጋ ከተማ ይህንኑ በክፍሌ ብጠይቅ፣ ለይቶ የነገረኝ አንድ የገጠር ልጅ ብቻ ነበር፡፡

አለማወቃችን ጉዳት እንዳለው የተረዳሁት በተከራየሁበት ግቢ ነው፡፡ የቤቱ ባለቤት ባልቴት ናቸው፡፡ ባለፈው ዓመት በደጃቸው የቆመውን ትልቅ ዛፍ ለአንድ አናጢ ሊሸጡ ተስማሙ፡፡ ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ይህ መካን ነው፡፡ የቤተ ክርስቲያኑ ኮሶ ቀልቶ ሲያብብ የእኔው ገርጥቶ ይቀራል፤ ዘርም የለው» አሉኝ፡፡

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ መምህራችን ቅጠል በደብተር መካከል እያደረቅን ስሙን እንድንጽፍ ያስገድዱን ነበርና፣ የለመድሁትን ያህል ዛፉን መረመርሁት፡፡ ልጡ ቀላ ያለና የሚላላጥ፣ ቅጠሉ በቅርንጫፉ ጫፍ የተሰበሰበ፣ እያንዳንዱም ቅጠል ጠርዛቸው እንደ መጋዝ በሆነ ጥንድ ጥንድ ቅጠሎች የተሠራ ነው፡፡ በትልልቆቹ መካከል ደግሞ ትንንሽ ክብ ቅጠሎች አሉበት፡፡ አበባው እንደ ትልቅ ዘለላ ወደ ታች ይንጠለጠላል፡፡ ይህ ሁሉ የኮሶ ምልክት ነው፡፡

ኮሶ ግን ወንዱና ሴቱ በየዛፉ የተለያየ ነው፡፡ የሴቷ አበባ ወፍራምና ቀይ ሲሆን፣ የወንዱ ሳሳ ያለና ነጣ ወዳለ ብርቱካንማ ያደላል፡፡ እንግዲህ የእማማ ዛፍ መካን ሳይሆን ወንድ ነበር፡፡ እርሱ ቢቆረጥና ሌላ ወንድ በአቅራቢያው ባይኖር፣ ያች ቀይዋ የቤተ ክርስቲያን ኮሶ ፍሬያማ ዘር ባልሰጠች ነበር፡፡

ኮሶ በሊቃውንት ዘንድ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ» የሚባል፣ ከጽጌረዳ ቤተሰብ የተመደበ ዛፍ ነው፡፡ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ እርሱ ጽፏል፡፡ እንጨቱ ለቤት ዕቃ ስለሚፈለግ እየተመናመነ በመሄዱ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎ ነበር፡፡ የጓሮውን ዛፍ ግን የሚጠብቀው የባለቤቱ ዕውቀት ነው፡፡

ደጋ አገር የሚኖር ሰው ኮሶን በግቢው ማብቀል ይችላል፡፡ የሴቷ ዘለላ ሲደርቅ በእጅ አሽቶ ዘሩን ማንጓለል ነው፡፡ ዘሩ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጥልቀት አይቀበርም፤ በለሰለሰ መደብ ላይ በትኖ በተነፋ አፈር ስስ አድርጎ መሸፈን፣ ውሃውንም በቀስታ ማርከፍከፍ ይበቃል፡፡ ብዙ ጊዜ የተቀመጠ ዘር የመብቀል ኃይሉን ያጣልና ሳይቆይ ይዘራ፡፡ ችግኙ ሲጠነክር በሐምሌ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ተተክሎ ከፍየልና ከውርጭ ይጠበቅ፡፡

ችግኙ ገና ሳለ ወንድ ይሁን ሴት በመልኩ አይለይም፡፡ ስለዚህ አንድ ብቻ መትከል ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፡፡ ወንድና ሴት እኩል ይበቅላሉ ብለን ብናሰላ፣ አምስት ችግኝ ቢተከል ሁሉም አንድ ዓይነት የሚሆኑበት ዕድል ከ16 አንድ ብቻ ነው፡፡ ግቢው ቢጠብ ጎረቤታሞች ተስማምተው ይትከሉ፡፡

አደራ የምለው ግን፣ ኮሶ ተከልን ብሎ እየበጠሱ መጠጣት እንዳይለመድ ነው፡፡ መጠኑ ሲበዛ የዓይን ብርሃን እስከ ማጥፋት ይደርሳል፡፡ ለኮሶ ትል ሐኪም ቤት መድኃኒት አለ፡፡

እማማ አናጢውን መልሰውታል፡፡ በሐምሌም ከቤተ ክርስቲያኗ ኮሶ ዘር ያፈላናቸውን አምስት ችግኞች ከሦስት ጎረቤቶች ጋር ተካፍለን ተከልን፡፡ የቀሩት አንባብያንም መጥረቢያ ከማንሳታቸው አስቀድሞ የደጃቸውን ዛፍ ስሙን ይጠይቁ እላለሁ፡፡

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር