ለቤታችን የሚስማማው የትኛው ቦይለር ነው?

በአዲስ አበባ አንድ ቤተሰብ ቦይለር ለመግዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት ሊመለሱ የሚገባቸው ሦስት ጥያቄዎች አሉ፦ በአንድ ጊዜ ምን ያህል ሙቅ ውኃ ያስፈልጋል? የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ምን ያህል ይሸከማል? የውኃው አቅርቦትስ ምን ያህል አስተማማኝ ነው?

አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ያህል የሙቀት ጉልበት ያስፈልጋል። ይህ መጠን በየትኛውም ማሞቂያ አይለወጥም። ማሞቂያዎችን የሚለያያቸው ጉልበቱን በምን ያህል ጊዜ ውስጥና ከየት አምጥተው እንደሚሰጡ ነው።

ውኃው በሚፈስበት ቅጽበት የሚያሞቀውን የሻወር ማሞቂያ እንመልከት። በደቂቃ 3 ሊትር ውኃን ከ18 ወደ 40 ዲግሪ ለማድረስ 4.6 ኪሎዋት ያህል ይፈልጋል። ይህም በ220 ቮልት መስመር 21 አምፔር ይሆናል። ተራ ሶኬት ከ16 አምፔር በላይ ስለማይሸከም፣ ይህ መሣሪያ የራሱ ወፍራም ሽቦና ብሬከር ያሻዋል። ከዚህም በላይ ቮልቴጁ በ20 በመቶ ቢቀንስ የማሞቅ ኃይሉ ወደ 64 በመቶ ያሽቆለቁላል፤ ውኃውም ለብ ብሎ ይቀራል።

ባለጋን ቦይለር ግን ይህንኑ ሥራ በዝግታ ያከናውናል። ባለ 50 ሊትርና ባለ 1.5 ኪሎዋት የሆነው ውኃውን ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከመስመሩ የሚወስደው ግን 7 አምፔር ገደማ ብቻ ነው። ሙቁ ውኃ ከቀዝቃዛው ጋር ሲቀላቀል ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች መታጠቢያ ይበቃል። መብራት ቢጠፋም በጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ ለሰዓታት ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ሆኖም ውኃ በሚቋረጥበት ሰፈር፣ ጋኑ ሳይሞላ ቦይለሩን ማብራት የማሞቂያውን ዘንግ ያቃጥላል።

የራሱ ጣሪያ ያለው ሰው በፀሐይ የሚሠራውንም ሊያስብበት ይገባል። ለመግዣ የሚወጣው ገንዘብ ከፍ ያለ ቢሆንም በበጋ ወራት ኤሌክትሪክ እምብዛም አይፈልግም። በሐምሌና በነሐሴ ግን ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን መጠባበቂያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሊኖረው ይገባል። በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጣሪያው የጋራ በመሆኑ ይህ ምርጫ የጎረቤቶችን ስምምነት ይጠይቃል።

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ በደኅንነት ላይ ቁጠባ አይገባም። 50 ሊትር ውኃ እስከ 60 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ በ0.8 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ቦይለሩ በሚያሞቅበት ጊዜ ከደኅንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ እንጂ ብልሽት አይደለም። ፍሰቱን ለማስቆም ቫልቩን መድፈን ቦይለሩን ወደ ፈንጂ ሊለውጠው ይችላል። እንዲሁም የመሬት ሽቦ ያልተዘረጋለት ማሞቂያ እርጥብ ገላ ባለበት ክፍል ሕይወት ያጠፋል፤ ኤሌክትሪክ ሲፈስ በራሱ የሚያቋርጥ ብሬከርም ሊታከልበት ይገባል።

እንግዲህ መስመሩ አስተማማኝ ለሆነና ብቻውን ለሚኖር ሰው የሻወር ማሞቂያ፣ ለቤተሰብ ባለጋን ቦይለር፣ ጣሪያና አቅም ላለው ደግሞ የፀሐይ ማሞቂያ ይስማማል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መስመሩን በባለሙያ ማስመርመር ይገባል፤ ርካሽ ቦይለር በደካማ ሽቦ ላይ ሲገጠም ከሁሉም ይልቅ ውድ ነውና።