ብርታት በአንድ ቁጥር አይለካም

ከስፖርትና ሳይንስ ክበብ

በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ፣ በመስከረም ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ እኛ የስፖርትና ሳይንስ ክበብ አባላት ክበቡን ለመቀላቀል የተመዘገቡትን ተማሪዎች በሙሉ ሜዳ ላይ አሰልፈን ለ12 ደቂቃ አስሮጥናቸው። ፈተናው የእኛ ፈጠራ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ኬኔት ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1968 ለአገሩ አየር ኃይል ያዘጋጀው ነው። አንድ ሰው በ12 ደቂቃ ውስጥ የሚሸፍነው ርቀት ስለ ልቡና ስለ ሳንባው አቅም ግምት ይሰጣል። እኛም ውጤቱን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በተራ ጽፈን በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ለጠፍነው። ተማሪዎችን ያበረታታን መስሎን ነበር።

ወር ሳይሞላ ከዝርዝሩ ግርጌ ስማቸው የሰፈረ ልጆች አንድ በአንድ ከክበቡ ቀሩ። ከመጨረሻ ሁለተኛ የወጣችውን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ለምን እንደቀረች ስንጠይቃት፣ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ወረቀቱም ይኸው ይላል» አለችን። የምንመልስላት አጣን። እውነት ወረቀቱ እንደዚያ ይላል? ይህን ለማወቅ መምህሮቻችንን ጠየቅን፤ ስለ ብርታት የተደረጉ ጥናቶችንም በእነሱ እርዳታ አነበብን። ያገኘነውን ለተማሪዎች፣ ለወላጆችና ለመምህራን በዚህ ጽሑፍ እናካፍላለን።

ለምን ብስክሌተኞችን?

ካነበብናቸው ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በብስክሌተኞች ላይ ነው። በአካባቢያችን ብስክሌት እንግዳ ስፖርት አይደለም። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይም በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል። ተመራማሪዎች ግን ብስክሌትን የሚመርጡት በሌላ ምክንያት ነው። ባለበት በሚቆም ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ በትክክል መለካት ይቻላል። ቦታ ስለማይለቅም የሚተነፍሰውን አየር መሰብሰብና እየነዳ ሳለ ደሙን መመርመር ይቻላል።

ጣሪያው

የ12 ደቂቃው ሩጫ የሚገምተው አንድ ነገር ነው፤ ሰውነታችን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊጠቀምበት የሚችለውን ከፍተኛውን የኦክስጅን መጠን። የስፖርት ባለሙያዎች ቪኦቱማክስ ይሉታል፤ እኛ «ጣሪያ» እንበለው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት አርቺባልድ ሂል በ1920ዎቹ ራሱ እየሮጠ፣ የሚያስወጣውን ትንፋሽ በከረጢት እየሰበሰበ ያጠናው ነገር ነው። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የምንጠቀመው ኦክስጅን ይጨምራል፤ ከአንድ ደረጃ በኋላ ግን ብንፈጥንም ኦክስጅኑ አይጨምርም። ጣሪያው እዚያ ላይ ነው።

ጣሪያው ትልቅ ነገር ነው። ዝቅተኛ ጣሪያ ያለው ሰው የዓለም ሻምፒዮን አይሆንም። ነገር ግን ጣሪያቸው እኩል የሆነ ሰዎች ብርታታቸውም እኩል ነው ወይ?

እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ ቴክሳስ ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ይህንኑ ጠየቁ። ጣሪያቸው ተቀራራቢ የሆነ 14 ተወዳዳሪ ብስክሌተኞችን መርጠው፣ ሁሉም ከጣሪያቸው 88 በመቶ በሚሆን ጫና እስኪደክሙ ድረስ እንዲነዱ አደረጉ። ሰባቱ በአማካይ ከ29 ደቂቃ በኋላ አቆሙ። ሰባቱ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነዱ። ጣሪያው አንድ፣ ብርታቱ እጥፍ!

ልዩነቱ የተገኘው ደማቸው ውስጥ ነው። ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ላክቴት የተባለ ንጥረ ነገር ያመነጫል። ላክቴት ብዙዎች እንደሚያስቡት መርዝ አይደለም፤ ልብም ሌሎች ጡንቻዎችም እንደ ነዳጅ ይጠቀሙበታል። በደም ውስጥ መከማቸት ሲጀምር ግን ሰውየው ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅበት ከሚችለው ጫና እያለፈ መሆኑን ያመለክታል። ቶሎ በደከሙት ብስክሌተኞች ዘንድ ክምችቱ የጀመረው ከጣሪያቸው 66 በመቶ ገደማ ላይ ሲሆን፣ ረጅም በዘለቁት ዘንድ 82 በመቶ ገደማ ላይ ነበር። ጣሪያው እኩል ቢሆንም፣ ከጣሪያው ሥር ተመችቶ መቆየት የሚቻልበት ከፍታ ይለያያል ማለት ነው።

ይህ ከፍታ በልምምድ እንደሚያድግ ይታወቃል። ጆን ሆሎዚ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 አይጦችን ለ12 ሳምንታት አስሮጦ ነበር። በሥነ ሕይወት ትምህርት «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ» ብለን የተማርነው ሚቶኮንድሪያ በጡንቻቸው ውስጥ ኦክስጅንን የመጠቀም አቅሙ እጥፍ ያህል አድጎ ተገኘ። የሰው ጡንቻም በልምምድ በተመሳሳይ አቅጣጫ ይለወጣል። ይህን ለውጥ የመስከረም ወር ሩጫችን ሊያሳየን አይችልም ነበር፤ ገና ያልተሠራን ሥራ የሚለካ ፈተና የለምና።

ቁጠባ

ሁለተኛው ነገር ቁጠባ ነው። ሁለት መኪናዎች እኩል ሞተር ኖሯቸው አንዱ ነዳጅ ሊበላ እንደሚችል ሁሉ፣ ሁለት ሰዎችም በእኩል ፍጥነት እየሮጡ አንዱ ብዙ ኦክስጅን ሊፈጅ ይችላል።

ይህ በትራያትሎን ጎልቶ ይታያል። ትራያትሎን ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ ሳይቋረጡ የሚከናወኑበት ውድድር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በሲድኒ ኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል። ርቀቱ 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ከብስክሌት ወርዶ ወዲያው ለመሮጥ የሞከረ ሁሉ እግሩ የራሱ እንዳልሆነ ሆኖ ይሰማዋል። ጥናቶችም ይህን አረጋግጠዋል፤ ብዙ ስፖርተኞች ከብስክሌት በኋላ ሲሮጡ፣ በዚያው ፍጥነት ሳይደክሙ ከሮጡት ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይፈጃሉ። በከፍተኛ ደረጃ በሚወዳደሩት ዘንድ ግን ይህ ጭማሪ ያነሰ ነው፤ በአንዳንዶቹም አይታይም። ስለዚህ በእረፍት ላይ ካለ ሰው የተወሰደ ቁጥር፣ ያ ሰው ደክሞት ሳለ ምን እንደሚሆን አይነግረንም።

ስንቅ

ሦስተኛው ነገር ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮናስ በርግስትሮምና ኤሪክ ሁልትማን የተባሉ ሁለት የስዊድን ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ብዙ አስቆናል፤ ብዙም አስተምሮናል። ሁለቱ ከአንድ ብስክሌት ግራና ቀኝ ተቀመጡና እያንዳንዳቸው በአንድ እግራቸው ብቻ ፔዳሉን እየረገጡ እግራቸውን አደከሙ። ከዚያ ለተከታታይ ቀናት ዳቦና ድንችን የመሰለ ኃይል ሰጪ ምግብ በሉ። ከሁለቱም ጭናቸው በመርፌ ናሙና ወስደው ሲመለከቱ፣ የሠራው እግር ግላይኮጅን የተባለውን የስኳር ስንቅ ካልሠራው እግር እጥፍ ያህል አከማችቶ አገኙት። አካሉም ምግቡም አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሥራው ነው።

ስንቁ ሲያልቅ ምን ይሆናል? በ1986 ኮይልና ባልደረቦቹ ሰባት ብስክሌተኞችን ከጣሪያቸው 70 በመቶ ገደማ እንዲነዱ አደረጉ። ጣዕም ብቻ ያለው መጠጥ ሲጠጡ በ3 ሰዓት ደከሙ። እየነዱ ኃይል ሰጪ ምግብ የተሟሟበት መጠጥ ሲወስዱ ግን 4 ሰዓት ቆዩ። ለ12 ደቂቃ ሩጫ የስንቅ ማለቅ ያን ያህል አያሳስብም፤ ቅዳሜ ጠዋት ለምናደርገው ረጅም የብስክሌት ጉዞ ግን ቁርስ በልቶ መምጣት ወሳኝ ነው።

ሙቀት

አሁን ወደዚያች የ8ኛ ክፍል ተማሪ እንመለስ። ይህን የምንጽፈው ፈቅዳልን ነው።

ብስክሌተኛ ሰውነቱ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ከአንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛው ያህል ብቻ ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ሰውነት ይህን ሙቀት ለማስወጣት ደም ወደ ቆዳ ይልካል፤ ያላብሰናል። የምንኖርባት ከተማ ዳር እስከ ዳር ሞቃት ስለሆነች ልብ በአንድ ጊዜ ለጡንቻም ለቆዳም ደም ማድረስ ይጠበቅበታል። ያልለመደው ሰው ቶሎ ይዝላል።

ሰውነት ግን ይለምዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ፣ በአሜሪካ ኦሪገን የተካሄደ ጥናት 12 የሠለጠኑ ብስክሌተኞችን 40 ዲግሪ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ለ10 ቀናት አሠልጥኗል። በኋላ በሙቀት ሲፈተኑ ውጤታቸው በ8 በመቶ ተሻሻለ፤ በቀዝቃዛ አየር እንኳ በ6 በመቶ ጨመረ። በቀዝቃዛ ክፍል ተመሳሳይ ሥልጠና የወሰዱት ግን አልተሻሻሉም። ሙቀት የለመደ ሰው የደሙ ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ቶሎም ያልበዋል።

እኛ ልጆቹን ያስሮጥናቸው በመስከረም ሙቀት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር። ያቺ ተማሪ ከብርዳማዋ ደብረ ብርሃን ወደዚህ ከመጣች ሦስት ሳምንት አልሞላትም። ከዝርዝሩ ግርጌ ከነበሩት ሌሎች ሁለቱም በክረምቱ ከደጋ የመጡ ነበሩ። እኛ ግን ይህን ሳንጠይቅ ደረጃ ሰጠናቸው። ወረቀቱ ያሳየው እዚህ የኖሩበትን የቀን ብዛት ሊሆን ይችላል፤ እነሱ ግን ያነበቡት ስለ አፈጣጠራቸው እንደተጻፈ አድርገው ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው።

ታዲያ ተፈጥሮ ድርሻ የላትም?

አላት፤ መዋሸት አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ሄሪቴጅ የተባለ ጥናት፣ ከ98 ቤተሰቦች የተውጣጡ፣ ስፖርት የማይሠሩ 481 ሰዎችን ለ20 ሳምንታት ባለበት በሚቆም ብስክሌት አሠልጥኗል። ጣሪያቸው በአማካይ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ከፍ አለ። ነገር ግን አንዳንዶቹ ምንም ያህል አልጨመሩም፤ አንዳንዶቹ ከ1 ሊትር በላይ ጨመሩ። የአንድ ቤተሰብ አባላት ለውጥም ይመሳሰል ነበር። ዘር ድርሻ አለው ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ያስገረመን ግን ሌላው ግኝት ነው። ሥልጠናው ሲጀመር የነበራቸው ጣሪያ፣ ማን ብዙ ማን ጥቂት እንደሚያሻሽል ለመተንበይ አልረዳም። ከታች የጀመረ ሰው ብዙ ሊያድግ ይችላል፤ ከላይ የጀመረም ባለበት ሊቆም ይችላል። ሞክሮ ካልታየ በቀር አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ «ለዚህ አልተፈጠርኩም» ላለችን ተማሪ መልሳችን ይህ ነው፦ ወረቀቱ እንደዚያ አይልም፤ ሊልም አይችልም።

ምን ለወጥን?

ዝርዝሩን ከግድግዳው ላይ አነሳን። ቅር ያሰኘናቸውን ልጆች በየክፍላቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። አሁን እያንዳንዱ አባል የራሱ ካርድ አለው፤ የሚወዳደረው ካለፈው የራሱ ውጤት ጋር ነው። ፈተናው ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይሆናል። ከደጋ የመጣ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ሳይለማመድ አይፈተንም። በጾም ላይ ያሉ ክርስቲያንና ሙስሊም ተማሪዎች በእነዚያ ቀናት ቀለል ያለ ልምምድ እንዲሠሩ እናደርጋለን። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ግራ መጋባት የታየበት ልጅ ወዲያው ያቆማል፤ ጥላ ሥር ወስደን በውሃ እያቀዘቀዝነው መምህር እንጠራለን።

በየካቲት ዳግመኛ ስንሮጥ ከቀሩት ልጆች አብዛኞቹ ተመልሰው ነበር። ያቺ ተማሪ ከመስከረሙ ሁለት ዙር ጨምራ ጨረሰች። የየካቲት አየር ቀዝቀዝ ስለሚል መሻሻሉን ሁሉ ለልምምድ አንሰጠውም። አንደኛም አልወጣችም፤ ማን አንደኛ እንደወጣ ግን ማንም አልጠየቀም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብስክሌት ከሚነዱት መካከል አንዷ ናት።

ወላጆቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለልጆቻችሁ ቁርስና የመጠጥ ውሃ አስይዙልን። ከዚያም በላይ፣ ልጃችሁ አንድ ቀን ደክሞት ቢመለስ «ይህ ልጅ ለስፖርት አልተፈጠረም» ከማለታችሁ በፊት ጥቂት ወራት ታገሡት። የክበባችን በር ከታችም ለጀመረ ክፍት ነው።